እርጥብ እግር

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ዛፍ ከመቁረጡ፣ ቤት ከመሸጡ፣ ከማግባቱና ከመፋታቱ በፊት ሚዛን ቤት ይገባል። ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ «ስለምን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ይናገራል። ምክንያቱ ከቆመ ይፈቀድለታል፤ ካልቆመ በትሕትና ወደ ቤቱ ይሸኛል። በዓመት ውስጥ ሊቀለበስ የማይችል ነገር ሁሉ የሚወሰነው እንዲህ ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሌላ አሠራር አላየሁም።

የምሠራው ከሚዛን ቤቱ ፊት ለፊት፣ የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና ጃንጥላ አለኝ። ከጎኔ ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ስላለ የከተማው ሰው እኔንም ከሱ ጋር ደርቦ «ምክንያት ሰፊዋ» ይለኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም። ሰው ጥሬ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል፤ እኔ የተቀደደውን እጠቅማለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ በልኩ አድርጌ እሰጠዋለሁ። አጥንቶት ይገባል። በዚህ ከተማ ስንቱ በእኔ ምክንያት ተጋብቷል።

የሚመጣልኝ ጥሬ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ጎረቤቴ ዛፉን ቆርጦ ምን ሆነ?» የሚል አለ። «አባቴም አያቴም እንዲህ ነው ያደረጉት» የሚል አለ። «ወይ ይሸጣል ወይ ይፈርሳል» ብሎ ሲምል ቆይቶ፣ ቤቱ ሊከራይም ሊጠገንም እንደሚችል ሳነሳበት የሚቆጣኝ አለ። አንዱን ሰውዬ ወንድሙ ጣሪያው ይታደስ ያለው ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «እሱ እኮ ሚስቱን የፈታ ነው» ብሎኛል። የሚስት መፍታትና የጣሪያ ማፍሰስ የት እንደተገናኙ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን እወዳቸዋለሁ። ሰው ሲሳሳት ፊቱ ያምራል፤ እርግጠኛ ይሆናላ።

ነገሩ ከሚዛን ቤት ወጥቶ ጓዳችን ከገባ ቆይቷል። «በአብዛኛው» ወይም «እስካሁን ባየሁት» ሳይል ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ወጣት የለም። ታናሽ እህቴ እጮኛዋ «እስካሁን ባለኝ ማስረጃ ካንቺ የምትሻል የለችም» ሲላት በደስታ አልቅሳለች። ለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉት በጣም ያረጁት ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው «የሳንባው ነገር ነው» ብሎ ንፍሮውን ይበላል። ማዕድ ላይ ስትደርስም «አማትህ ትወድሃለች» የሚልህ የለም። «በሰዓቱ መጣህ» ነው የምትባለው፤ እሱ ቢመዘንም ይቆማል።

ከሚዛን ቤቱ ግድግዳ የምትወጣውን፣ አካል የሌላትን ድምፅ «ወይዘሪት» እንላታለን። ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ ትናገራለች፤ ትልቅ ሰው አንቱ ትላለች፤ ስትከለክል እንኳ ይቅርታ ጠይቃ ነው። አባቶቻችን ወሬ በአንድ ሳምንት ሰፈር ከሰፈር ያባላበትን ዓመት እያስታወሱ ያመሰግኗታል። ከዚያ ዓመት በኋላ ሰው የገዛ ሐሳቡን ፈራ ይላሉ። ስለዚህ እኔም ክፉ አልናገራትም፤ እንጀራዬም ናት።

ጋሽ ያብስራና እትዬ ሶልያና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ። ስማቸው ብቻ ዕድሜያቸውን ይናገራል፤ በነሱ ዘመን ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሰየመው። እኛን ደግሞ ወላጆቻችን የቅድመ አያት ስም መልሰው አወጡልን፤ እኔ ትርንጎ ነኝ። ጋሽ ያብስራ ቦርከና ወንዝ ዳር ሎሚና ቲማቲም የሚያለሙ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ግዙፍ ሰው ናቸው። እትዬ ሶልያና ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ደቀቅ ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ። ጋሽ ያብስራ ወንበሩን በእጅጌያቸው ጠረጉና ሴትዮዋን አስቀመጡ።

«ልንጋባ ነው» አሉኝ ጋሽ ያብስራ። «ያቺ ልጅ ግን አይሆንም አለችን።»

«ወይዘሪት? ምን ብለው ነገሯት?»

«እውነቱን ነዋ። እግሯ እርጥብ ነው አልኳት።»

ራሴን ያዝኩ። በዚህ ዘመን፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ይቺ ሴት ስትመጣ በረከት ተከትሏት ይገባል» የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጋሽ ያብስራ ግን ማስረጃ ነበራቸው። እትዬ ሶልያና መጀመሪያ ሎሚ ሊገዙ የመጡ ቀን፣ ለሳምንታት የነጠፈው የውኃ ጉድጓዳቸው ሴትዮዋ ገና በሩ ላይ ቆመው ሳሉ ሞላ። በሌላ ቀን ሲመጡ የጠፋችው ፍየል ተገኘች። ከዚያ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋው ልጃቸው ይመር ከሰመራ ደወለ።

«በራሱ ነው የደወለው» አሉ ጋሽ ያብስራ። «ልጄ በራሱ አስታወሰኝ። እሷ በመጣች በሳምንቱ።»

እትዬ ሶልያና የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር።

«ወይዘሪትስ ምን አለች?»

«ይቅርታ አባቴ፣ ተከትሎ የመጣ ሁሉ በዚያ ምክንያት አልመጣም አለችኝ። አነጋገሯስ ጨዋ ነው።»

ትክክል ነበረች። ይህ ከአስተሳሰብ ሕጸጾች ሁሉ ያረጀው ነው፤ ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት። ችግሩ ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ጉዳይ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ለወጣት አምስት ዓመት ምንም አይደለም፤ የጋሽ ያብስራ ልብ ግን በማገዣ መሣሪያ ነው የሚመታው። ሁለት ዕድል ቀርቷቸዋል።

«ሳትጋቡ አብራችሁ ብትኖሩስ?» አልኩ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

እትዬ ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቤት እንግዳ መሆን አልፈልግም፣ ልጄ። ወይ የቤቱ ሰው እሆናለሁ፣ ወይ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

«ይኸው» አሉ ጋሽ ያብስራ በኩራት። «እንዲህ ናት።»

ሰፋሁላቸው። ከሰፋኋቸው ሁሉ የተዋጣ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለቱም ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የጋሽ ያብስራ ልብ ድካም አለበት፤ ሴትዮዋ ነርስ ናቸው፤ ሁለት ብቸኛ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩ አንዱ ለአንዱ ይደርሳል። አጭር፣ ንጹሕ፣ ቀዳዳ የሌለው። ጋሽ ያብስራን ቁጭ አድርጌ አስጠናኋቸው። እዚያው እመሐል «ደግሞም እግሯ» ብለው ሲጀምሩ እኔ ጠረጴዛውን እመታለሁ፤ እትዬ ሶልያና ይስቃሉ። «ተማሪ ሳለህም እንዲህ ነበርክ?» ይሏቸዋል። «ተማሪ ሳለሁ የሚያስቀኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም» ይላሉ እሳቸው። እንዲህ እየተባባሉ ደንበኞቼን ያስጠብቁብኛል። መቆጣት ነበረብኝ፤ አልቆጣሁም።

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ሚዛን ቤት ባዶ ክፍል ነው፤ መሐል ላይ አንድ ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ አብሮ ለመጣ ሰው አግዳሚ አለ። እኔና እትዬ ሶልያና አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ያብስራ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድም ቃል ሳይስቱ ተናገሩ። በደስታ የእትዬ ሶልያናን ክንድ ያዝኩ።

«መልካም ምክንያት ነው፣ አባቴ» አለች ወይዘሪት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እትዬ ሶልያና ነርስ ባይሆኑ፣ የእርስዎም ልብ ጤነኛ ቢሆን፣ ጋብቻውን ይተዉት ነበር?»

አዎ በሉ ብዬ ከኋላ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ዞረው አላዩኝም። ባርኔጣቸውን አንዴ አዞሩት።

«አልተወውም፣ ልጄ» አሉ።

«እንግዲያው የሚያገቡበት ምክንያት ይህ አይደለም። ይህ ከወሰኑ በኋላ የተሰፋ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ውጭ ስንወጣ ደሜ ፈልቷል። «አዎ ቢሉ ምን ነበረበት፣ ጋሼ? አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«እሷ ተቀምጣ እየሰማች፣ ነርስ ባትሆን እተዋት ነበር ልበል?» አሉኝ። ከተቆጡኝ ይልቅ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሶልያና ብቻቸውን መጡ። ሸምሱ ማሽኑን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነበር፤ እሱ እስኪሄድ ጥግ ይዘው የጠበቁ ይመስለኛል። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጉ።

«የጉድጓዱ ነገር የዝናብ ነው» አሉ። «ያን ሌሊት ደሴ ሲያወርደው ነው ያደረው። ወንዙ ሲሞላ ጉድጓዱም ሞላ። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ሎሚ ልገዛ የሄድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

 እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። በልጅነታቸው ተድረው በገቡበት ቤት አማታቸው፣ የባላቸው አባት፣ በወሩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው «እግረ ደረቅ» አላቸው። ባላቸው እስኪሞት ድረስ፣ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ስማቸው ያ ነበር። ሠርግ ቤት ቀድመው አይገቡም። አዲስ ቤት ሲመረቅ ሌላ ሰው እስኪገባ በር ላይ ይቆማሉ። ሐኪም ቤት ሲሠሩ እንኳ በሽተኛ ክፍል ሊገቡ ባሉ ቁጥር አስቀድመው ሌላ ነርስ ለማስገባት ሰበብ ይፈልጉ ነበር።

«ትክክል አለመሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «ሰውዬው ኩላሊታቸው ታሞ ነው የሞቱት፤ ካርዳቸውን አይቻለሁ። ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ ትርንጎ። በር ላይ ስትደርሺ እግርሽ ራሱ ይቆማል።»

«እና ጋሽ ያብስራ...»

«ባርኔጣውን አውልቆ፣ እግርሽ እርጥብ ነው አለኝ። ሙሉ ሰው፣ በሎሚ ማሳ መሐል፣ እንደዚያ ደስ ብሎት። ሁለተኛ ስሄድ ደረቁን እግሬን ይዤ መሄድ አልቻልኩም።»

ስለዚህ ፍየሏን ቤት ለቤት ጠይቀው ከማዶ በረት አስፈቱ፤ ሳይናገሩ አጥሩ ውስጥ ለቀቋት፤ ከዚያ በዋናው በር እንደ እንግዳ ገቡ። ለይመር የደወሉትም እሳቸው ናቸው። ሰመራ ባለችው የእህታቸው ልጅ በኩል አፈላልገው አገኙት።

የይመርን ታሪክ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እናቱ ስትታመም አዲስ አበባ ይዟት ሄደ፤ እዚያ በሳምንቷ አረፈች። ድንኳን ውስጥ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጋሽ ያብስራ ልጃቸውን «እዚህ ብትተዋት ኖሮ አትሞትም ነበር» አሉት። ይመር በሦስተኛው ቀን ወደ ሰመራ ተመለሰ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አሁን በየእሑዱ ይደዋወላሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ቲማቲምና ስለ ሙቀት ብቻ ነው። የእናቱን ስም አንዱም አንስቶ አያውቅም።

 እትዬ ሶልያናን ያስጌጠው ሐሳብና ይመርን ከቤት ያባረረው ሐሳብ አንድ ዓይነት ነው። እሷ መጣች፣ ውኃ ሞላ። እሱ ወሰዳት፣ ሞተች። ወይዘሪት ሁለቱንም በአንድ ቃል ትመልሳቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ አንደኛውን ስሰማ ስቄ፣ ሁለተኛውን ስሰማ ማልቀስ አማረኝ።

ግን ሰፊ ሰፊ ነው። ወዲያው ጨርቁ ታየኝ። «እትዬ፣ አለቀ እኮ» አልኩ። «እርስዎ ሲመጡ ነገር የሚቃናው በአጋጣሚ አይደለም፤ እርስዎ ስለሚያቃኑት ነው። ይህ ምክንያት ይቆማል። ሦስተኛው ላይ እርስዎ ይቀመጡና ይህንኑ ይናገሩ።»

«እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማ?»

«ደንቡ ነው።»

«የፍየሏን እናገራለሁ። የይመርን ግን እንዴት አድርጌ? ልጄ በራሱ አስታወሰኝ ብሎ ለከተማው ሁሉ አውርቷል። ያን ከሱ ላይ ልግፈፈው?»

«ፍየሏ ብቻዋን አትቆምም።»

«አውቃለሁ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ምን እንደወሰኑ ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ሦስተኛው ቀን እትዬ ሶልያና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ያብስራ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ነበሩ፤ አግዳሚው በክብደታቸው ይንቋቋል። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

«ስለምን?» አለች ወይዘሪት።

«ያብስራ እግሬ እርጥብ ነው ስላለኝ» አሉ እትዬ ሶልያና። «እውነት አልነበረም። እውነት እንዲሆን ደከምኩ።» የፍየሏን ነገር ነገሯት፤ ማዶ ሄደው እንደፈለጓት፣ በአጥር እንዳስገቧት። እዚያ ላይ ቆሙ።

«ይህ ደግነት ነው፣ እናቴ» አለች ወይዘሪት። «አንዲት ፍየል ግን ዕድሜ ልክ አይሸከምም። ሌላ አለ?»

እትዬ ሶልያና ዝም አሉ። ወይዘሪት ሰው አታጣድፍም፤ ዝም ብላ መጠበቅ ታውቃለች። አንገታቸው ከኋላ ሲቀላ አየሁ። አይናገሩም፤ ለአምስት ዓመት ቢዘጋባቸውም አይናገሩም። ያን ጊዜ በጣም ወደድኳቸው፤ በጣምም ተናደድኩባቸው።

«ለይመር የደወለችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ ያብስራ ከጎኔ።

እትዬ ሶልያና ከነወንበራቸው ዞሩ።

«የስልክ ቁጥሬን የቀየርኩት ይመር ከሄደ በኋላ ነው» አሉ ጋሽ ያብስራ፤ የሚናገሩት ለወይዘሪት ነበር። «በንዴት ነው የቀየርኩት። አዲሱን ቁጥር ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው። ሎሚ የሚረከበኝ ሰውዬ፣ ፓምፕ ሠሪው፣ እሷ። ሁለቱ ይመርን አያውቁትም፤ የት እንዳለም አያውቁም። ታዲያ ማን ይሆናል?»

«ይህ ይቆማል» አለች ወይዘሪት።

«ታውቅ ነበር?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«የዚያን ቀን፣ ስልኩ እንደተዘጋ።»

«ታዲያ በራሱ አስታወሰኝ ብለህ ለምን ታወራለህ?»

«ምን ልበል? ሰው ልጄን ለመነልኝ ልበል?» ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ደግሞ ማወቄን ካወቅሽ ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።»

ወይዘሪት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ፣ መጀመሪያ ቀን እግሯ እርጥብ ነው ሲሉኝ ምን ማለትዎ ነበር?»

«ምን ማለቴ ይሆናል? እሷ ስትመጣ ነገር ይቃናል ማለቴ ነው።»

«ስለሚያቃኑት?»

«ስለምታቃናው ነዋ።»

«ያን ቀን ምን ማለትዎ እንደሆነ አልጠየቅኩዎትም» አለች ወይዘሪት። «ያላሉትን ብለዋል ብዬ እሱን ነው የመለስኩት። ስህተቱ የኔ ነው።»

ይህን ስትል ሰምቼ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር። የገጠር ሽማግሌ ናቸው፣ እግር ያምናሉ ብዬ ራሴን ይዤ ወደ መስፋቴ ነው የገባሁት።

«ጉድጓዱንስ?» አለች ወይዘሪት። «እሱም እንደዚያ ነው?»

«አይ፣ ጉድጓዱ እግሯ ነው» አሉ ጋሽ ያብስራ።

«ደሴ ዘንቦ ነበር፣ አባቴ።»

«ይዝነብ። እሷ ባትመጣ ይደርቅ ነበር።»

«ይህ አይቆምም።»

«ላንቺ አይቁም።»

እትዬ ሶልያና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሚስቁም የሚያለቅሱም ይመስሉ ነበር።

«የመጨረሻ ጥያቄ ነው» አለች ወይዘሪት። «ይህን ሁሉ ባያደርጉልዎ ኖሮ ጋብቻውን ይተዉት ነበር?»

ያቺው ጥያቄ መጣች።  ጋሽ ያብስራ እትዬ ሶልያናን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩ።

«ይህን የማታደርግ ሌላ ሴት ናት» አሉ። «ያቺን አላውቃትም።»



«የጉድጓዱን ትቼዋለሁ» አለች ወይዘሪት። «የቀረው ቆሟል። ተጋቡ።»

ስንወጣ ሸምሱ ማሽኑን ጥሎ መጥቶ አቀፋቸው። እኔም አቀፍኳቸው፤ የደንበኛዬ ጉዳይ ሲሳካ ማቀፍ ልማዴ አይደለም። ጋሽ ያብስራ ግን እንዳሰብኩት አልፈነደቁም። ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ደስታው ያልደረሰበት አንድ ቦታ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«ሶልያና» አሉ። «ብዙ ለመንሽው?»

«ማንን?»

«ይመርን። እንዲደውልልኝ። ልቡ ደካማ ነው፣ ሊሞት ነው ምናምን አልሽው?» ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ማወቄን ሳልናገር ልጠይቅሽ አልቻልኩም። በየእሑዱ ሲደውል ላንቺ ብሎ ነው እላለሁ። አዝኖልኝ ነው እላለሁ።»

ያን ሁሉ ወር ይህን ይዘው ኖረዋል። ልጃቸው ደወለ ብለው ለከተማው ሲያወሩ፣ እሑድ ሲደርስ ልብሳቸውን ቀይረው ስልኩ አጠገብ ሲቀመጡ፣ ደስታቸው ግማሹ ኀፍረት ነበር። ቁጥሩን እሷ ከሰጠችው፣ ለምናው ነው የደወለው ብለው ደመደሙ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን ያለ ምንም ተሻገሩት።

እትዬ ሶልያና በመገረም አዩዋቸው። «እኔ? አንዲት ቃል አልለመንኩትም። ስሜን ነግሬው፣ ከኮምቦልቻ ነው፣ የአባትህ ወዳጅ ነኝ ስለው፣ ታመመ? አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ከዚያ ዝም ሲል የተቋረጠ መሰለኝ። ለካ እያለቀሰ ነው።»

ጋሽ ያብስራ ቀና አሉ።

«በድሮው ቁጥር ሁልጊዜ እደውላለሁ፣ አይሠራም ይለኛል፣ መምጣት ደግሞ ፈራሁ አለ። ቁጥሩን ስጪኝ ያለኝ እሱ ነው፣ ያብስራ። እኔ ገና ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ ነው ያለኝ።»

«አልደወለም ስል ነበር እኮ» አሉ ጋሽ ያብስራ። «አራት ዓመት ለሰው ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ አልደወለም ስል ነበር። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እትዬ ሶልያና ወስደው ደወሉና መልሰው ሰጧቸው። ዕለቱ እሑድ አልነበረም። ሲነሣ ይሰማ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደንግጦ «አባዬ? ምን ሆንክ?» አለ።

«ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ያብስራ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉ፤ ሸምሱ ዞር አለ፤ እኔም ጃንጥላውን ወደ እሳቸው አዘነበልኩ። ዳግም ሲናገሩ እንደ ተጠና ነገር ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ነበር፤ ያን ምክንያት የሰፋላቸው ማንም የለም።

«ይመር» አሉ። «እናትህ አዲስ አበባ ስለወሰድካት አልሞተችም። ልትሞትብን ስለነበር ነው የወሰድካት።»